ረጅም ሩጫና ራስን መግዛት፦ የረጅም መንገድ ሹፌሮችና ረዳቶች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ከቃሊቲ እስከ ገላንና ዱከም በተዘረጋው መንገድ ዳር የከባድ መኪና ሹፌሮችና ረዳቶቻቸው ጭነት ወይም ተራ እየጠበቁ ውለው ያድራሉ። ከመካከላቸው ጎህ ሲቀድ ከጋቢና ወርደው በአቃቂና በቱሉ ዲምቱ ዙሪያ ባሉ ኮሮኮንች መንገዶች ላይ ሶምሶማ የሚወጡ አሉ። ይህ ገጽ የተዘጋጀው ለእነሱና «እኔስ እችል ይሆን?» ለሚሉ ባልደረቦቻቸው ነው። ስለ ሜዳሊያ ወይም ስለ ቦርጭ ማጥፋት የሚናገር አይደለም፤ ጉዳዩ በረጅም ሩጫ የሚለመደው ራስን መግዛት መሪ ለያዘ ሰው የሚሰጠው ጥቅም ነው።

ቀኑን ሙሉ ስነዳ ውዬ ደክሞኛል። በዚያ ላይ መሮጥ ምን ይጨምርልኛል?

የሹፌር ድካም ከገበሬ ወይም ከግንበኛ ድካም ይለያል። ሰውነት ለሰዓታት ተቀምጦ ይውላል፤ የሚዝለው ዓይን፣ ወገብና አእምሮ ነው። ስለዚህ አንድ ሹፌር ማታ ከመኪናው ሲወርድ «ደክሞኛል» ቢልም እግሮቹ ገና ሥራ አልጀመሩም። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በዝግታ መሮጥ በመቀመጥ ብዛት የተኮማተረውን የዳሌና የጭን ጡንቻ ያፍታታል፤ ቀኑን ሙሉ በመስተዋትና በፍሬን ላይ ተወጥሮ ለዋለው አእምሮም ምንም የማይጠበቅበት ጊዜ ይሰጠዋል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥቅም ግን ሌላ ነው። ረጅም ርቀት የሚሮጥ ሰው አስቀድሞ የሚማረው መፍጠንን ሳይሆን ራሱን መያዝን ነው። በመጀመሪያዎቹ ኪሎ ሜትሮች ሰውነት ትኩስ ስለሆነ እግር ልሩጥ ልሩጥ ይላል፤ ይህን ስሜት የታዘዘ ሯጭ ዋጋውን የሚከፍለው በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ነው። ከአዲስ አበባ በጋላፊ በኩል እስከ ጅቡቲ ወደብ ያለው መንገድ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በዚህ መንገድ ላይ ሹፌርን የሚፈትነው የጉልበት ማነስ ሳይሆን «የቀረውን ሳላድር ልጨርሰው» የሚለው ችኮላ ነው። ሩጫው የሚያለማምደው ይህን ችኮላ ሰምቶ አለመታዘዝን ነው።

ማርሽ ቀያሪው ሻምበል ምሩጽ ይፍጠር እ.ኤ.አ. በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። በ1976 ኢትዮጵያ ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ በመቅረቷ ሳይሮጥ ተመለሰ። በ1980 በሞስኮ 5,000ና 10,000 ሜትርን አሸነፈ፤ በ10,000ው ውድድር ከመሪዎቹ ጋር ሆኖ ከ24 ዙር በላይ ከታገሠ በኋላ የፈተለከው የመጨረሻው 300 ሜትር ሲቀረው ነበር። ሹፌሮች ይህን ታሪክ ስለ ማርሹ ይወዱታል፤ እኔ ግን ይበልጥ የሚደንቀኝ ማርሹን ከመቀየሩ በፊት በሜዳው ላይ ለዙሮች፣ ከሜዳው ውጪ ደግሞ ለስምንት ዓመታት የጠበቀበት ትዕግሥት ነው።

ራስን መግዛት በተፈጥሮ የሚገኝ አይደለምን? እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ችኩል ነኝ።

ጠባይ የየራሱ ድርሻ እንዳለው የሚካድ አይደለም። ነገር ግን በፈተናው ሰዓት ጨክኖ የሚወስን ሰው የሚመስለን አብዛኛው ጽኑ ሰው፣ በእርግጥ ውሳኔውን ቀደም ብሎ ወስኖ ያደረ ሰው ነው። ሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ፣ በብርድ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ «ልነሣ ወይስ ልተኛ?» ብሎ የሚመክር ሰው መልሱ ከወዲሁ የታወቀ ነው። ማታ ጫማውን ከጋቢናው መርገጫ አጠገብ ያስቀመጠ፣ የሚሮጥበትን መንገድና የሚመለስበትን ቦታ የወሰነ፣ ለረዳቱም የነገረ ሰው ግን ጠዋት የሚቀረው መፈጸም ብቻ ነው።

ይህ ልማድ ወደ መሪው ይሻገራል። «የት ላይ አርፋለሁ?» የሚለው ጥያቄ ሞተር ከመነሣቱ በፊት መልስ ካገኘ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የደከመ አእምሮ እንደ አዲስ እንዲከራከርበት አይገደድም። አዋሽ አድራለሁ ያለ ሰው አዋሽ ያድራል። እንዲህ ያለው ውሳኔ በየጠዋቱ በትንሹ ሲለማመዱት ነው በትልቁ ቀን የሚገኘው፤ ሩጫን ለዚህ የመረጥነውም ራስን ማታለል የማይቻልበት ሥራ ስለሆነ ነው። ያልተሮጠ ኪሎ ሜትር በንግግር አይሞላም።

የሥራ ሰዓቴ በየቀኑ ይለዋወጣል። ቋሚ ልምምድ እንዴት ልይዝ እችላለሁ?

ሹፌሮች ልምምድ የሚያቋርጡበት ዋናው ምክንያት ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመልሳለን። የቢሮ ሠራተኛ «በየቀኑ ጠዋት 12 ሰዓት» ብሎ ራሱን ከሰዓት ጋር ማሰር ይችላል። ሹፌር በዚህ መንገድ ከታሰረ በመጀመሪያው ሳምንት ጭነት ሌሊት ይወጣለታል፣ ኬላ ላይ ይቆማል፣ ጎማ ይፈነዳበታል፣ ከዚያም «ፕሮግራሙ ተበላሸ» ብሎ ይተወዋል። ስለዚህ ልምምዱን ከሰዓት ጋር ሳይሆን በየጉዞው ከማይቀር አንድ ሥራ ጋር ማሰር ይሻላል። ለአንዳንዱ ይህ ሥራ የጠዋቱ የጎማ፣ የዘይትና የውኃ ፍተሻ ነው፤ ፍተሻው እንዳለቀ ይሮጣል፣ ታጥቦ ቁርስ ይበላል፣ ሞተር ያስነሣል። ለሌላው ደግሞ ጭነት አራግፎ ወረቀት ከተፈረመ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የተመረጠው ሥራ የትኛውም ይሁን፣ ሩጫው ሁልጊዜ እሱን ተከትሎ ከመጣ አእምሮ ብዙም ሳይቆይ ሁለቱን አንድ አድርጎ ይይዛቸዋል።

ሁለተኛው ነገር የማይነካ ዝቅተኛ መጠን ማበጀት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን 15 ደቂቃ በቂ መነሻ ነው። ጊዜ ሲገኝ 40 ደቂቃም አንድ ሰዓትም መሮጥ ይቻላል፤ ከ15 ደቂቃ በታች ግን አይወረድም። መጠኑን ሆን ብለን ትንሽ ያደረግነው በክፉ ቀንም እንዲፈጸም ነው። በደጉ ቀን አንድ ሰዓት ሮጦ በክፉው ሳምንት ምንም ከማያደርግ ሰው ይልቅ፣ በሁለቱም 15 ደቂቃውን የሚያከብር ሰው ከጥቂት ወራት በኋላ በጽናት ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ስለ መጠበቅ ነው። በሞጆ ደረቅ ወደብ፣ በጋላፊ ወይም በፋብሪካ በር ላይ ተራ ሲጠበቅ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ያልፋሉ፤ የሹፌር ጠባይ ብዙ ጊዜ የሚላላውም በመንገድ ላይ ሳይሆን እዚህ ነው። የፓሪሱን የ2024 ኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ያሸነፈው ታምራት ቶላ መጀመሪያ ተጠባባቂ ነበር፤ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ውድድሩ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ተተካ። እንደሚጠራ ሳያውቅ እንደሚሮጥ ሰው ባይዘጋጅ ኖሮ ያ ጥሪ ምንም ባልጠቀመው ነበር። ተራ የሚጠብቅ ሹፌር ከዚህ የሚወስደው ነገር አለ፦ የመጠበቂያው ሰዓት የራሱ ነውና፣ መኪናውን ረዳቱ እየጠበቀለት ዝቅተኛውን መጠን መፈጸም ይችላል።

ከዚህ በፊት ሮጬ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከእግር ጉዞ። ለ10 ደቂቃ ፈጠን ብለው ይራመዱ፤ ቀጥሎ አንድ ደቂቃ በሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ በእርምጃ እያፈራረቁ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ይቀጥሉ። በየሳምንቱ የሶምሶማውን ድርሻ ጥቂት ከፍ፣ የእርምጃውን ጥቂት ዝቅ ያድርጉ። አብዛኛው ጤነኛ ሰው በሁለት ወይም በሦስት ወር ውስጥ ሳያቋርጥ ግማሽ ሰዓት መሮጥ ይችላል። ከጋቢና ወርደው ወዲያው አይሩጡ፤ ለሰዓታት የታጠፈ ጉልበትና ወገብ መጀመሪያ በእርምጃ መሟሟቅ አለበት።

ፍጥነትን የሚለኩት በንግግር ነው። አጠገብዎ ካለ ሰው ጋር ሙሉ ዐረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ ፈጥነዋል፤ ይቀንሱ። አዲስ ጀማሪዎች ይህን ምክር ይሰሙና በሁለተኛው ቀን ይተዉታል፤ ምክንያቱም በዝግታ መሮጥ ያሳፍራቸዋል። በሱሉልታና በሰንዳፋ መንገዶች ማለዳ የወጣ ሰው ግን የዓለም ውድድር ያሸነፉ አትሌቶች ጭምር በቀላል ልምምድ ቀናቸው እርስ በርስ እየተጫወቱ፣ ዝግ ብለው ሲሮጡ ያያል። ከባዱን ቀን ከባድ የሚያደርጉት ቀላሉን ቀን ቀላል ማድረግ ስለቻሉ ነው።

የአየሩን ነገርም ማወቅ ይጠቅማል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል፣ አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አላቸው። በአቃቂ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጀማሪ ሰው ትንፋሹ ቶሎ ሲያጥር «ሰውነቴ ለሩጫ አልተፈጠረም» ብሎ ተስፋ መቁረጥ የለበትም።

ሩጫው የት ይሻላል?

አስፋልት ለመገጣጠሚያ ይከብዳል፤ ለሕይወትም ያሰጋል። በአቃቂና በገላን ዙሪያ የሚሮጥ ሰው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ በእርሻና በአዳዲስ ሰፈሮች መካከል የሚያልፉትን የአፈርና የኮሮኮንች መንገዶች ይምረጥ። አትሌቶችም ከእንጦጦ ዳገት ሌላ ዝቅ ያለና ሜዳማ መሬት ሲፈልጉ ወደ አቃቂና ወደ ሰበታ አቅጣጫ ይወርዳሉ። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሣው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ ለእግረኛ የተከለከለ ስለሆነ ዳሩ ላይ እንኳ መሮጥ አይገባም። በሌላ አስፋልት ዳር መሮጥ ግድ ከሆነ መኪና ከፊት ለፊት በሚመጣበት በግራ በኩል ይሁን፤ ደማቅ ቀለም ያለው ልብስ ይልበሱ፤ ማዳመጫ ጆሮዎ ውስጥ አይክተቱ። ሹፌር የሆነ ሰው ጎህ ሳይቀድ በመንገድ ዳር ያለ እግረኛ ከጋቢና ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚታይ ከማንም በላይ ያውቃል።

በክረምት የአፈሩ መንገድ ይጨቀያል። ያኔ ነዳጅ ማደያ አጠገብ ወይም መኪና ማቆሚያ ውስጥ ያለ 200 ሜትር ደረቅ መሬት ላይ መመላለስ ይበቃል። አሰልቺ መሆኑ እውነት ነው፤ መሰልቸትን መቻል ግን ረጅም መንገድ ለሚነዳ ሰው ከሚያስፈልጉት ልምምዶች አንዱ ነው።

ወደ አፋር ስወርድ በሙቀቱ መሮጥ እችላለሁ?

ይቻላል፤ ግን በደጋ በሚሮጡት መጠንና ፍጥነት አይሆንም። ከአዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ወደ አዋሽ 1,000 ሜትር ገደማ፣ ከዚያም ወደ ሚሌ 500 ሜትር ገደማ ሲወረድ ትንፋሽ ይቀላል፤ ሰውም ጉልበት የጨመረ ይመስለዋል። ሙቀቱ ግን ያንን ትርፍ መልሶ ይወስደዋል። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ሹፌር ደግሞ ሳይለምድ ወጥቶ ሳይለምድ ይወርዳል። ስለዚህ በቆላ የሚሮጠው ጎህ ሲቀድ ብቻ ሆኖ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳያልፍ፣ ከፊቱም ከኋላውም ውኃ እየጠጡ ነው። ብዙ ላብ ከወጣ ከውኃው ጋር ጨው ያለበት ነገር ወይም ኦአርኤስ መውሰድ ይገባል። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ወይም በሙቀት መካከል ብርድ ብርድ ማለት ከተሰማ ወዲያው ያቁሙ፤ ጥላ ይግቡ፤ ሰውነትዎን በውኃ ያርጥቡ። ንግግር ከተምታታ ወይም ሰውዬው ራሱን ከሳተ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

እንቅልፍ በጎደለኝ ቀን ብሮጥ ያነቃኛል?

ለአጭር ጊዜ ያነቃል፤ አደጋውም ይህ ነው። ሩጫ እንቅልፍን አይተካም። ለ17 ሰዓታት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ለነገሮች የሚሰጠው አጸፋ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚዘገይ በጥናት ታይቷል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ3 ሰከንድ ውስጥ ከ65 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ለ3 ሰከንድ ያሸለበ ሹፌር ያን ሁሉ ርቀት ዓይኑን ጨፍኖ ነድቷል ማለት ነው። የሰው ልጅ ሰውነት ለእንቅልፍ የሚሸነፍባቸው ሰዓቶችም የታወቁ ናቸው፦ በተለይ ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓት፣ ቀጥሎም ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት።

በመሆኑም ደንቡ ጥብቅ ነው። ከስድስት ሰዓት በታች የተኛ ሰው በዚያ ጠዋት አይሮጥም፤ የሩጫውንም ጊዜ ይተኛበታል። ይህን ማድረግ ልምምድን ማጓደል ሳይሆን የልምምዱ ዋና ክፍል ነው፤ ጫማ ሳያስሩ መቅረት ከመሮጥ በላይ ራስን መግዛት የሚጠይቅባቸው ቀናት አሉ። በሌላ በኩል ረጅም ጉዞ ከመነሣት በፊት ኃይለኛ ሩጫ መሮጥ አይገባም፤ ጥቂት ሰዓታት ቆይቶ መሪ ላይ ድብታ ያመጣል። ከጉዞ በፊት የሚሮጠው ቀላሉ ነው፤ ረጅሙና ከባዱ ሩጫ ለዕረፍት ቀን፣ ቤት ለሚታደርበት ቀን ይቆይ። በጉዞ መካከል እንቅልፍ ሲመጣ መድኃኒቱ ደህና ቦታ ቆሞ 20 ደቂቃ ማሸለብ፣ ካልበቃም መተኛት ነው።

ብዙዎቻችን ለመንቃት ጫት እንቅማለን። ከሩጫ ጋር ይሄዳል?

አይሄድም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል አነቃቂ ንጥረ ነገር የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ በዚያ ላይ ሩጫ ሲታከል ልብ ድርብ ጫና ይወድቅበታል። የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ስለሚያጠፋም ሰውነት ከልምምድ በኋላ የሚጠገንበትን ጊዜ ይነጥቃል። ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ድካም ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ሰው ገና መሪ ላይ ሳለ ነው። ይህን የምንለው የሚቅመውን ሰው ለመውቀስ አይደለም፤ ሥራው ራሱ ወደዚያ እንደሚገፋ እናውቃለን። ከሩጫ ጋር መተው የጀመሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምሩት በሚሮጡበት ዋዜማ ባለመቃም ነው። በሳምንት ሦስት የሩጫ ቀን ካለ ሦስት ዋዜማ አለ ማለት ነው፤ ከዚያ የሚቀጥለው እርምጃ እንደ መጀመሪያው አይከብድም።

መሀል ላይ እግሬ «ቁም» ይለኛል። ያኔ ምን ላስብ?

መጀመሪያ የሚናገረው ማን እንደሆነ ይለዩ። አረማመድን የሚያዛባ፣ አንድ ቦታ ላይ የሚወጋ ወይም በእያንዳንዱ እርምጃ የሚብስ ሕመም ትእዛዝ ነው፤ ይቆማል። በሁለቱም እግር ላይ የተሰራጨ መዛልና የትንፋሽ መክበድ ግን ወሬ ነው፤ ይሰማል እንጂ አይታዘዙትም። ይህን ልዩነት ማወቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ራስን መግዛትን ከግትርነት የሚለየውም እሱ ነው።

ድካሙ ወሬ ከሆነ ቀሪውን ርቀት በሙሉ አያስቡት። እስከሚቀጥለው የመብራት ምሰሶ ብቻ ይሩጡ፤ እዚያ ሲደርሱ እስከ ቀጣዩ። አንዳንዱ እርምጃውን ከትንፋሹ ጋር ይቆጥራል፤ አንዳንዱ በልቡ ጸሎት ወይም ዚክር ይደጋግማል፤ ሁሉም ይሠራል። የማይሠራው ከራስ ጋር ክርክር መግጠም ነው፤ የደከመ ሰው ከድካሙ ጋር ሲከራከር ይረታል። ፍጥነት መቀነስ የተፈቀደ ነው። ወደ እርምጃ መመለስም የተፈቀደ ነው። ከተወሰነው ቦታ በፊት ዞሮ መመለስ ብቻ አይፈቀድም።

በቁልቁለት ላይ፣ ከኋላ እየጠሩም ከፊት እያገዱም በሚያስጨንቁ መኪኖች መካከል፣ አንድ ሹፌር ንዴቱ ሲነሣ የሚያስፈልገው ይኸው ችሎታ ነው፦ ስሜቱን ሰምቶ፣ ለይቶ፣ እጁን ሳይሰጠው ማለፍ። ሩጫ ላይ በሳምንት ብዙ ጊዜ የተለማመደው ሰው መሪ ላይ ሲመጣበት እንግዳ አይሆንበትም።

ምን ልብላ? ጾም ላይስ?

ሙሉ ምግብ ከበሉ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ይቆዩ። በባዶ ሆድ መሮጥ የሚያስቸግረው ሰው አንድ ሙዝ ወይም ጥቂት በሶ ቀድሞ ቢወስድ ይበቃዋል። በሶ ለመንገደኛ የተሠራ ስንቅ ነው፤ ሳይበላሽ ይቆያል፣ እሳት አይፈልግም፣ ቶሎ ጉልበት ይሆናል። ቆሎም እንዲሁ በጋቢናው ውስጥ ሊጠፋ የማይገባው ነው።

በዐቢይ ጾም 55 ቀናትም ሆነ በረመዳን ልምምዱን ማቆም አያስፈልግም፤ መጠኑንና ሰዓቱን መለወጥ ነው። ቀላል ሩጫ ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው ቢሆን ወዲያው ውኃና ምግብ ይከተለዋል፤ በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ ሰዓት ቆይቶ መሮጥም ይቻላል። በጾም ወራት ርቀትን መጨመር ግን ተገቢ አይደለም። መንገደኛ ስለሚፈቀድለት ነገር የንስሐ አባትን ወይም የሃይማኖት መምህርን መጠየቅ ይበልጣል።

ጫማ ግዴታ ነው? አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አልሮጠምን?

እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማሸነፉ እውነት ነው፤ በ1964 ቶኪዮ ላይ ደግሞ ጫማ አድርጎ አሸነፈ። እሱ እግሩን ለዚያ ያዘጋጀ ሰው ነበር። ቀኑን ሙሉ ፔዳል ሲረግጥ የዋለ እግር ግን ጫማ ያስፈልገዋል። ከሰልባጅ ተራ የተገዛም ቢሆን ሶሉ ያላለቀ፣ ጣትን የማያጣብቅ የሩጫ ጫማ በቂ ነው። በኮንጎም በነጠላ ጫማም አይሮጥም።

ውሻና ጅብስ?

ጅብ ከነጋ በኋላ አያስቸግርም፤ ስለዚህ በከተማው ዳርቻ፣ በተለይ በእንጦጦና በሱሉልታ በኩል፣ ወገግ ሳይል ብቻን አይወጣም። ውሻ ሲመጣ ሩጫውን ያቁሙ፤ ጀርባ ሳይሰጡ ዝግ ብለው ይራመዱ፤ ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ማለት ብቻውን ብዙዎቹን ይመልሳል። ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ይጠቡና የውሻ በሽታ ክትባት ለማግኘት በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

ብቻዬን ይሻላል ወይስ ከረዳቴ ጋር?

በዳርቻው አካባቢ ከሰው ጋር መሮጥ ለደኅንነት ይሻላል፤ ለሴት ሹፌሮችና ረዳቶች ደግሞ ጨለማ ባለበት ሰዓት ግድ ነው። ይሁን እንጂ ከረዳት ጋር የሚሮጥ ሹፌር አንድ ነገር ያስብ። ረዳቱ ብዙ ጊዜ ወጣት ነው፤ ይፈጥናል፤ ግን አለቃውን ማለፍ ያፍራል፣ ወይም ደግሞ አለቃው እንዳይበለጥ ከአቅሙ በላይ ይሮጣል። ፍጥነቱን ሁልጊዜ ደካማው ይወስን የሚል ስምምነት ቢኖር ሁለቱም ያርፋሉ። መኪናውን የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ግን ተራ በተራ ይሮጣል፤ አንዱ ሲመለስ ሌላው ይወጣል።

ለሳምንታት አቋረጥሁ። ሁሉም ነገር ጠፋ ማለት ነው?

አልጠፋም። በሁለት ሳምንት የሚቀንሰው የትንፋሽ አቅም ጥቂት ነው፤ ሲጀመርም ቶሎ ይመለሳል። የሚጎዳው ያለፈውን ለማካካስ በአንድ ቀን ብዙ መሮጥ ነው። ከነበሩበት ግማሽ ላይ ይጀምሩና በሦስተኛው ሳምንት ወደ ቦታዎ ይመለሱ። ሻምበል አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1969 በደረሰበት የመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት እንግሊዝ አገር ሄዶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በቀስት ውድድር ተሳተፈ። የሩጫው ጽናት በእግሮቹ ብቻ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ከእግሮቹ ጋር በቀረ ነበር።

ውድድር ልግባ?

ከፈለጉ፣ አዎን። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በአዲስ አበባ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ 10 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ አብዛኛው ተሳታፊ ለደስታ የሚሮጥ ሕዝብ ነው። የተወሰነ ቀን መኖሩ ልምምዱን ይሰበስበዋል። ነገር ግን ጉዞ ቢገጥምና ቢቀር እንደ ሽንፈት መቆጠር የለበትም፤ ለሹፌር የልምምዱ መፈተኛ በየሳምንቱ መንገዱ ላይ አለ።

መሮጥ የሌለብኝ መቼ ነው?

የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም ዕድሜው ከ40 በላይ ሆኖ ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ሰው ከመጀመሩ በፊት ይመርመር። ትኩሳት ወይም ወባ ያለበት፣ ታሞም ገና ያልጠነከረ ሰው አይሩጥ፤ ከቆላ በተመለሰ በቀናትም ሆነ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት ከጀመረ ሩጫውን ትቶ ደሙን ያስመርምር። በሩጫ መካከል ደረት ላይ የሚያፍን ወይም ወደ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከመጣ ወዲያው ቁጭ ይበሉ፤ ሰው ይጥሩ፤ ተመልሰውም መሪ አይያዙ፤ ወደ ሆስፒታል ሌላ ሰው ይንዳዎት።